ውህዱ ካልገደላቸውስ?

ፈሪ ነኝ። ሰው ግን ካላዛር የሚባለውን ገዳይ በሽታ የሚያመጣውን ፓራሳይት በየቀኑ በብልቃጥ ስለማሳድግ ደፋር እመስለዋለሁ። ኢምፔሪያል አጠገብ ባለው ላቦራቶሪያችን ሥራዬ ይኸው ነው፤ ኬሚስቶች ለመድኃኒትነት የቀመሟቸውን አዳዲስ ውህዶች ፓራሳይቱ ላይ እሞክራለሁ። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉትም። ሰሞኑን ግን አንዱ ተስፋ ሰጥቶን ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ያ ውህድ ከተጨመረበት ብልቃጥ በመርፌ ቀዳሁ። የመርፌውን ክዳን ልመልስ ስል የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ አባቴ የሚሆኑ ሽማግሌ፣ በሩን ከፍተው ገቡ። አስተዳደጌ ነውና «ኖር!» ብዬ ብድግ አልኩ። መርፌው ጓንቱን አልፎ አውራ ጣቴን ወጋኝ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጪ» ካሉ በኋላ ፊቴን አዩት። «ምን ሆንሽ?»

«ተወጋሁ።»

ሮጬ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። «ውህዱ ያለበት ነው አይደል? እንግዲያው ፓራሳይቶቹ ሞተዋል፤ አትፍሪ» አሉኝ። በቃል ቀላል ነው! ለበሽታው የሚሰጠው የመድኃኒት መርፌ እንዴት እንደሚያሠቃይ፣ ልብን እንኳ እንደሚነካ አውቃለሁ፤ የተሻለ የምንፈልገውስ ለዚህ አይደል? አያት ኮንዶሚኒየም ከእናቴ ጋር የተውኳት፣ ገና ጡት የምትጠባ ልጅ አለችኝ። በጡት ይተላለፋል ብሎ ያስተማረኝ የለም፤ ፍርሃት ግን ትምህርት አይሰማም።

ከብልቃጡ ጠብታ ወስጄ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁ። እስከዚያ ቀን ውህድ ሲሠራ ደስ የሚለኝ ለሥራው ብዬ ነበር። አሁን ግን «እመቤቴ፣ ገድሏቸው ይገኝ» ብዬ ተሳልኩ።

አይንቀሳቀሱም። ተመስገን አልኩ። ስላይዱን ትንሽ ገፋ አደረግሁት፤ እዚያም ጸጥ። ወደ ጥግ ስደርስ አንዷ ጭራዋን አወናጨፈች፤ ከዚያ አጠገቧ ያለችው።

«እንዴት ናቸው?» አሉኝ ከኋላዬ።

«ይዋኛሉ።»

እሳቸውም ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ ሐኪም ሊጠሩ ስልካቸውን ይዘው ወጡ። እኔም ለእናቴ ደወልኩ።

«እማ፣ ልጅቷን ከዛሬ ጀምሮ ጡጦ አስለምጃት።»

«ምነው? ወተትሽ ደረቀ እንዴ?»

የልጄ መጥቢያ ሰዓት ደርሶ ጋዋኔ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል።

«አዎ፣ ደረቀ» አልኳት።