ዘሩ እስኪገባ

ከድሬዳዋ የተነሳሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው፤ ጉዳዬም መርዶ ነበር። ባቡር ጥገናው ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረው አህመድ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ግንባር ላይ ወድቋል። እናቱ አዴ ፋጡማ የሚኖሩት ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ ነው። ቤታቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። እንዲህ ያለ ዕጣ ለጠላቴም አልመኝም።

መንገድ

ሳቢያን ሰፈር ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ሾፌሩ በአማርኛ ጀምሮ በሶማልኛ የሚጨርስ ተጫዋች ሰው ነው። «ወላሂ፣ እሑድ የዘነበው የዘንድሮ የመጀመሪያው ነው። ሰው ሁሉ ማሳ ላይ ነው» አለኝ። ዳገቱን ስንጨርስ እርከኑ ሁሉ በሰው ተሞልቶ አየሁ። ያካፈለኝ የማሽላ ቂጣ በሁልበት፣ በአብሽ ማጥቀሻ፣ ጣፋጭ ነበር፤ እኔ ግን ግማሹን መለስኩለት።

ማሳው

መርዶ ብቻን አይነገርምና መጀመሪያ የሄድኩት የአህመድ አጎት ኦቦ ዩሱፍ ዘንድ ነው። የአዴ ፋጡማን ማሳ ጎረቤት በጉዛ፣ እኛ ደቦ በምንለው፣ እየዘፈነ ይቆፍራል። ዩሱፍን ወደ ዳር ወስጄ ነገርኩት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነ።

«ዛሬ ከተነገራት ሰው ሁሉ ዶማውን ጥሎ ለታዕዚያ፣ ለለቅሶ ይቀመጣል። ሦስት ቀን ነው። ይህ ፀሐይ ሦስት ቀን ካገኘው አፈሩ ድንጋይ ይሆናል። ጦሙን ያደረ መሬት ደግሞ ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ይሰጣል። እሷ ከዚህ ሌላ ምን አላት?»

እኔም ጨበጥ አድርጌ አየሁት። እንደ ሊጥ አልተጣበቀም፣ እንደ አመድም አልበነነም፤ ጠፈፍ ብሎ ዘር ይጠብቃል። «ዘሩ እስኪገባ ሆድ ይፍጀው» ተባባልን።

አዴ ፋጡማ ማሽላውን በሻሻቸው ቋጥረው መጡ።

«ነጋያ፣ ኢልመ ኮ? ሰላም ነው ልጄ? ምን አመጣህ?»

«እርሻውን ልይ ብዬ ነው።»

ማሽላን ከአረም የማይለይ የባቡር ሠራተኛ በሥራ ቀን እርሻ ሊያይ መጣ! ፊቴን አዩ፣ ዩሱፍን አዩ። ወደ ቆፋሪዎቹ ዞረው «ዛሬ ዘፈኑ ይቅር» አሉ።

በዚያ ቤት የመጀመሪያውን ጭብጥ ዘር የሚበትነው አህመድ ነበር። ዛሬ እርሳቸው «ቢስሚላህ» ብለው በተኑ። ከዳር እስከ ዳር ራሳቸው ዘሩት፤ ሰዉም ከኋላ እየተከተለ አፈር አለበሰው። አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩኝም። እኔ ዶማ ይዤ አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ።

የመጨረሻው ዘር አፈር ሲለብስ እጃቸውን ታጠቡ። ባዶውን ሻሽ አራግፈው ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉና መሬት ተቀመጡ።

«አሁን ንገረኝ» አሉ።

መልስ

ታዕዚያውን ተቀምጬ ዓርብ ማታ ቤቴ ገባሁ። ሰው ልቡ እየነደደ እጁን ለዘር ማዘዝ እንደሚችል በዚህ ጉዞ አየሁ፤ እኔ ብሆን መቻሌን እንጃ።

ባለቤቴ ውኃ አቅርባልኝ «ለእናቱ እንዴት አድርገህ ነገርካቸው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አልነገርኳቸውም» አልኳት። «ያወቁት ገና ሲያዩኝ ነው። መሬቱ እስኪዘራ የጠበቁት እርሳቸው ናቸው።»