ሁለት ጠብታ

ልጆቹ «ጠብታ» ይሏታል፤ ሳይንስ ስታስተምር ይህ ቃል ካፏ ስለማይጠፋ ነው። እሷም ስትሰማ ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

ካስተማረችበት ዓመት ሁሉ አንድም ሳታሳልፍ የዘይት ሞለኪዩልን፣ ያንን በዓይን የማይታይ ቅንጣት፣ ተማሪዎቿን በተራ ማስመሪያ ታስለካለች። ዘንድሮ ግን ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳይሬክተሩ ድሮ እሷው ያስተማረችው ልጅ ነው። እያፈረ፣ «ቲቸር፣ ላብራቶሪውን ለወጣቱ መምህር ብንሰጠውስ? እርስዎ ቤተ መጻሕፍት አረፍ ይላሉ» አላት።

ሆድ ባሳት። «መጀመሪያ ክፍል ገብተህ እየኝ። ካበላሸሁ የላብራቶሪውን ቁልፍ ራሴ አስረክብሃለሁ» አለችው።

ዳይሬክተሩ ሊያያት በተቀጠረው ቀን ጠዋት ምራቷ ከውስጥ ጮኸች፦ «እማዬ! የልጁን ፓውደር ዛሬም ወሰዱት? ቂጡ ቀልቷል እኮ!»

«ሲመሽ ይመለሳል! ዛሬ አያቱ ፈተና አለባት!» ብላ ወጣች።

ዳይሬክተሩ ከክፍሉ ኋላ፣ ጉልበቱ ከዴስኩ እየተጋጨ ተቀመጠ። እሷ ሰፊ ትሪ ላይ ውሃ ሞላችና ፓውደሩን ነሰነሰች። እጇ ሲንቀጠቀጥ ፓውደሩ እንደ አቧራ ስስ ሆኖ እኩል ተዳረሰ።

«አያችሁ? ለዚህስ እንደኔ ያለ እጅ አይገኝም» አለች። ክፍሉ ሳቀ።

አንድ እጅ ዘይት ከሺህ እጅ ቤንዚን ጋር ቀላቅላለች። ከማንጠባጠቢያው፣ ከድሮፐሩ፣ መቶ ጠብታ ሲወርድ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር እንደሚሞላ አብረው ቆጥረዋል። ስለዚህ አንዷ ጠብታ ውስጥ ያለው ዘይት የኪዩቢክ ሴንቲሜትር መቶ ሺህኛ ብቻ ነው።

«ቤንዚኑ ይተናል። ዘይቱ መሳሳት እስኪያቅተው ይዘረጋል። ያኔ ውፍረቱ የአንድ ሞለኪዩል ቁመት ነው፤ የዘይቱን መጠን ለክቡ ስፋት ስናካፍል እናገኘዋለን። አሁን አንድ ጠብታ እጥላለሁ» አለች።

እጇ ዘለለ። ጠብ፣ ጠብ።

ፓውደሩ ወደ ዳር ሸሸና መሃሉ ላይ ክብ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ መሬት መሬት አየ። እሷም ኪሷ ውስጥ ያለው ቁልፍ ድንጋይ ሆኖ ከበዳት።

«ስንት ወደቀ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሁለት፣ ቲቸር» አለች ፊት የተቀመጠች ልጅ።

«እንግዲያው ሁለት ብላችሁ ጻፉ። የምናሰላው የወደቀውን ነው እንጂ ያሰብነውን አይደለም።»

ክቡን ለኩት። አንዱ ቸኩሎ አሰላና፣ «ቲቸር፣ ሞለኪዩሉ ከአቶም አነሰ!» አለ።

«ጉድ ነው! ከጡቡ ያነሰ ግድግዳ ሠራህ? ዘይቱን በሴንቲሜትር፣ ስፋቱን በሚሊሜትር ይዘህ ስታካፍል እንዴት ይግባቡ? አንድ ቋንቋ አስተምራቸው።»

ልጁ አንገቱን እያከከ ስፋቱን ወደ ሴንቲሜትር መለሰው። መቶ ካሬ ሴንቲሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ውፍረቱ የሴንቲሜትር አንድ አምስት-ሚሊዮንኛ ወጣ። አንድ ሴንቲሜትር አስር ሚሊዮን ናኖሜትር ነውና፣ «ሁለት ናኖሜትር!» አለ።

ይሄኔ ዳይሬክተሩ ራሱን ረስቶ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሁለት ጠብታ ከሆነ ውፍረቱም እጥፍ አይሆንም?»

«ና፣ አንድ ጣልና እየው።»

ሌላ ትሪ ሞላች፣ ፓውደር ነሰነሰች። እሱ ትንፋሹን ውጦ አንድ ጠብታ ጣለ። ክቡ አነሰ፤ ስፋቱ ሃምሳ ካሬ ሴንቲሜትር ሆነ። ልጆቹ አካፈሉት። ያው ሁለት ናኖሜትር!

«ዘይቱ ቦታ እስካገኘ ጎን ለጎን ይተኛል እንጂ አይደራረብም» አለችው።

ከዚያ ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አንድ እጥላለሁ ብዬ ሁለት ጥያለሁ። ቃሌ ቃል ነው፣ ልጄ።»

ዳይሬክተሩ ሁለቱን ክቦች አየ፣ ቁልፉን አየ። «እኔን ሲያስተምሩኝ እጅዎ ደህና ነበር። አንድ ጣሉ፣ እኔም ገልብጬ ወጣሁ። ይሄ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር» አለና ቁልፉን መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠው። «ሐኪም ግን ይየው፣ ቲቸር።»

ወደ ማታ ምራቷ የፓውደሩን ቆርቆሮ ነቅነቅ አድርጋ ጆሮዋን ደቀነች። «እማዬ፣ ጨረሱት እኮ! ሌላ ጊዜ ይሄን ያህል አይወስድም ነበር።»

«ዛሬ ሁለት ትሪ ነበር» አለች ሕፃኑን እያቀፈች።