የኸርጅ መንገድ ታፔላና የሬድዋን ጭንቅላት

ለባዲዓ ተከራዮች፣ ለሱወይዲ ባለሱቆች፣ ለሰናኢያ ጋራዥና ፋብሪካ ሰፈር ላብ አደሮች፣ እንዲሁም አሠሪ ዋሳቸው፣ ከፊል የሚሉት፣ ለጠፋባቸውና ከከፊላቸው ለጠፉ ወገኖች በሙሉ፦ የወረባቦው ተወላጅ ሙሀባው እንድሪስ ዘውድ ሳይጭን፣ ጦር ሳያሰልፍ፣ በስሙ አንድ ክንድ መሬት ሳይኖረው፣ የሪያድ አሮጌ አውራ ጎዳናዎች ታፔላ ጠቅላይ ባለአደራ ሆኖ መሾሙን እወቁ። ሿሚው ራሱ ነው። ግዛቱ ባዲዓ ውስጥ ባለ ያረጀ ፎቅ ጣሪያ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለችው ጥግ ናት። ተገዢዎቹ ፀሐይ የላጣቸው፣ መኪና የገጫቸው ቆርቆሮዎች ናቸው፤ እስካሁን አንዳቸውም አላመፁም።

የሹመቱ ነገር እንዲህ ነው። ሙሀባው የሚሠራው መንገድ በሰፋ ቁጥር አሮጌ ታፔላ ነቅሎ አዲስ ከሚተክል የተቋራጭ ቡድን ጋር ነው። አዲሱ ያብረቀርቃል፣ በመኪና መብራት ከሩቅ ይነበባል። የተነቀለው ተጨፍልቆ ወደ ማቅለጫ ይጋዛል። ጤነኛ ሰው ነገሩን እዚህ ላይ ያበቃል፤ ነቅሎ ይጥላል፣ ተክሎ ይሄዳል፣ የወር መጨረሻን ይጠብቃል። ሙሀባው ግን አንድ ቀን በእጅ የተጻፈ ታፔላ ሲነቅል ዓይኑ እላዩ ላይ ቀረ። የብሩሹ ፀጉር ቀለሙ ላይ ያስቀረው ጭረት ይታያል። የሆነ ሰው፣ ምናልባትም እንደሱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ በዚያ ፀሐይ ቆሞ ፊደሉን በጥንቃቄ አጠማዝዞ ስሎ፣ ስሙን ሳያኖር ሄዷል። ሙሀባው ፎርማኑን ለመነው። ፎርማኑም፣ «ሺል! ቆሻሻህን ይዘህ ሂድ» ብሎ መረቀለት።

ከዚያ ወዲያ በሽታው ጸናበት። ደንብ አወጣ። ማንኛውም አሮጌ ታፔላ ከመነቀሉ በፊት በቆመበት ፎቶ ይነሣል፤ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከነብሎኑ። የቆመበት ቦታ በስልክ ይያዛል። ጣሪያው ላይ ከወጣ በኋላ አይታጠብም፣ አይወለወልም፣ ቀለም አይነካውም። አቧራውም ጭምር ቅርስ ነው ተባለ፤ ሪያድ ውስጥ አቧራን በቅርስነት የያዘ ሰው ቅርስ አያልቅበትም።

ይህን ሁሉ የሚታዘበው ሬድዋን ነው። ሬድዋን ከሙሀባው ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ፣ ሰናኢያ ውስጥ በብየዳ የሚተዳደር፣ ምላሱ ከብየዳው እሳት የባሰ ሰው ነው።

«ወንድሜ» ይለዋል፣ «አገር ቤት ሰው ቤት ይሠራና ቆርቆሮ ያለብሰዋል። አንተ ቤት ሳይኖርህ ቆርቆሮውን ሰበሰብክ።»

«ታሪክ ነው።»

«የማን ታሪክ? ያንተ ታሪክ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ኢቃማህ፣ ያለቀ ቀን ያልቃል፤ የእኔማ ጭራሽ ኢቃማም የለው። ተርሒል እስር ቤት ሲወስዱህ ይሄን ሁሉ አዝለህ አገር ልትገባ ነው? ቦሌ ላይ ምን ልትላቸው ነው፣ ወደ ጂዳ የሚወስደውን መንገድ ይዤ መጣሁ?»

ሙሀባው ወደ ጣሪያው ይወጣል። ባለአደራ ከተራ ሕዝብ ጋር አይከራከርም።

ነገሩ ተራ እብደት ሆኖ ይቀር ነበር፣ አቡ ናስር ባይመጣ። አቡ ናስር ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ ነው። ከከተማ ወጣ ብላ ባለችው የመዝናኛ ቤቱ፣ ኢስቲራሃ በሚሏት፣ አሮጌ ታፔላዎችን ግድግዳ ላይ ደርድሮ እንግዳ ያስጎበኛል። ሀብታም ሲያብድ ስሙ ሙዚየም ይሆናል፤ ድሃ ሲያብድ ግን ሬድዋን አለለት። አንድ ቀን ቡድኑ ሲሠራ መኪናውን አቁሞ ወረደና ሙሀባው ታፔላ ከነብሎኑ ፎቶ ሲያነሣ አየው።

«ሰዲቅ፣ ምን ታደርጋለህ?» አለው።

ሪያድ ውስጥ የሙሀባው ስም ሰዲቅ ነው። ለከፊሉ ሰዲቅ፣ ለፎርማኑ ሰዲቅ፣ ለሚፈትሸው ፖሊስም ሰዲቅ። ወዳጅ ማለት ነው። ወዳጅ የሚባለው ስሙን ማወቅ የማያስፈልግ ሰው ነው። አቡ ናስር ግን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይቶ ሲጨርስ፣ «ስምህ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያም ሙሀባውን እንቅልፍ የነሣውን ቃል ተናገረ፦ ከሰናኢያ አልፎ፣ በአሮጌው የኸርጅ መንገድ መገንጠያ ላይ፣ በአንድ በኩል ሪያድ በሌላ በኩል ኸርጅ የሚል፣ መካከሉ ላይ የመንገዱ ቁጥር በእጅ የተጻፈበት ታፔላ አለ። እሱ ሲነቀል ካመጣህልኝ በኢስቲራሃዬ በር አጠገብ እሰቅለዋለሁ፤ ከሥሩም በናስ ሰሌዳ፣ «ያገኘውና የሰነደው ሙሀባው እንድሪስ» ብዬ አስቀርጻለሁ አለው።

ሳቁ እንጂ። ስንቱን የዚህ ከተማ ታፔላ በትከሻው ተሸክሞ የተከለ ሰው ነው። ሁሉም ላይ የሌላ ሰው፣ የሌላ ቦታ፣ የሌላ ንጉሥ ስም አለ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ግድግዳ ላይ፣ የገዛ ስሙ ቢጻፍ አማረው። በዚህ የሚፈርድበት ካለ ይፍረድበት።

የኸርጁን ታፔላ ደግሞ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። በደቡብ በኩል በእግሩ ድንበር ጥሶ፣ ከጭነት መኪና ላይ ሸራ ተከናንቦ የመጣ ወገን የሚራገፈው እዚያ ነው። ደላላው «ውረዱ፣ ሪያድ ነው» ይላል፤ የወረደውም አቧራውን ሳያራግፍ ታፔላው ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣና ለእናቱ ይልካል። መድረሱ የሚታመነው ያን ጊዜ ነው። ሬድዋንም እዚያው ነው የተራገፈው።

የመንቀያው ቀን ደረሰ። ሙሀባው ስልኩን አውጥቶ ከታፔላው ፊት ቆመ፤ ሬድዋን ለምሳ ከወጣበት እየሮጠ መጣና መሀል ገባ።

«ዞር በል ሬድዋን፣ ታፔላውን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ባዶ ቆርቆሮ ፎቶ ይነሣል እንዴ! ሰው የሌለበት ፎቶ የለቅሶ ቤት ነው። የመጣሁበት ነው፣ ልሰናበተው። ያላ አንሣ!»

«ትንሽ ወደ ግራ።»

«በግራ በኩል አላምርም።»

ይህ እንግዲህ የእኛ ሰው ደንብ ነው፣ ከሙሀባው ደንብ የጠና። የኛ ሰው ተራራ ቢያይ ከፊቱ ይቆማል፣ አዲስ መኪና ቢያይ ይደገፈዋል፣ ዕቃን ለብቻው ፎቶ ማንሣት ዕቃውንም ሰውንም መናቅ ነው። ከሬድዋን ቀጥሎ የቡድኑ ልጆች ተሰለፉ። ክሬኑ ጥሩምባውን ነፋ፣ ፎርማኑ ጮኸ፣ ብሎኑ ተፈታ። ሙሀባው ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ደንቡን ሻረ። «ግድ የለም፣ ዕቃው ራሱ እጄ ገብቷል፤ ጁምዓ ቀን ጣሪያ ላይ በደህና ብርሃን አነሣዋለሁ» አለ። አቡ ናስርም ጁምዓ ከሰዓት መጥቶ ሊወስደው ቀጠሮ ያዘ።

ጁምዓ ሙሀባው መስጊድ ሄደ። ከሶላት በኋላም ለእንግዳው ቴምር ሊገዛ ሱቅ ጎራ አለ። በዚህ መሀል ታላቅ እህቱ ሰዒዳ መጣች። ሰዒዳ ከአሠሪዎቿ ቤት እየኖረች የምትሠራ ናት፤ የዕረፍት ቀን ባገኘች ቁጥር ወንድሟ ዘንድ ትመጣና የወንዶቹን ክፍል እየተሳደበች ታጸዳለች። ሬድዋን፣ «ዛሬ ትልቅ ሳዑዲ ለሙሀባው ቆርቆሮ ሊመጣ ነው» አላት። ወጥታ አየች። ታፔላው የርግብ ኩስ ለብሷል።

ሙሀባው ደረጃውን ሲወጣ የበረኪና ሽታ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ተቀበለው። ቴምሩን እንደያዘ ሮጠ። ሰዒዳ እጀታዋን ሰብስባ፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይዛ፣ ታፔላውን ከታንከሩ አስደግፋ ታለቅልቃለች። ፀሐይ ያደቀቀው ቀለም ሰማያዊ ጭቃ ሆኖ ወደ አሸንዳው ይወርዳል። ቆርቆሮው ነጭ ብር መስሏል። ሪያድ የለም። ኸርጅ የለም። ቁጥሩ የለም።

«እቴ... ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ? እንዲህ ኩስ ለብሶ ሰውዬው ፊት ልታቀርበው ነበር? ማዳሜ ብታይ ፎቁን በጩኸት ትንደው ነበር። እይ እስቲ፣ ፊትህ እኮ ይታይሃል!»

እውነቷን ነው። ሙሀባው ዝቅ ብሎ ሲያይ፣ ስሙ ሊጻፍበት የነበረው ነገር ላይ ፊቱ ታየው።

«ፊደሉ ነበር እኮ የሚፈለገው! የምን ማጠብ ነው? ማን እጠቢ አለሽ?»

ሰዒዳ ሽቦውን ባልዲው ውስጥ ወረወረችው። «አሥር ዓመት ሙሉ ለምን አላጸዳሽም እየተባልኩ ተሰደብኩ፤ ዛሬ ደግሞ ባንተ ለምን አጸዳሽ ተብዬ ልሰደብ? ነዲፍ፣ ነዲፍ፣ አጽጂ፣ አጽጂ ሲሉኝ ነው የምውለው! ቆሻሻው ክቡር የሆነበት ቤት አለ ብሎ ማን ነገረኝ?»

ሙሀባው ተናዶ የሚመታው ነገር ፈለገ፤ ቴምሩን ብቻ አገኘ፤ እሱንም ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

አቡ ናስር እያለከለከ ጣሪያው ላይ ወጣ። ቆርቆሮውን አየ። ወደ ጀርባው ዞሮ አየ፤ ተመልሶ ፊቱን አየ።

«ሰዲቅ» አለ። ስሙ ቀረ። «ይህ የከብሳ ሩዝ ማቅረቢያ ትሪ ነው።»

ሙሀባው የሆነውን አስረዳ። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጢሙን እየጎተተ አሰበና፣ «ፎቶ አለህ? ፊደሉ ጥርት ብሎ የሚታይበት ካለ በልኩ አሳትሜ በቦታው እሰቅለዋለሁ። የናስ ሰሌዳውም አይቀርም» አለ።

ሙሀባው ስልኩን አወጣ። ሬድዋን ፈገግ ብሎ። ሬድዋን መነጽር አድርጎ። ሬድዋን ሁለት ጣቱን ቀስሮ።

«ይህ ማን ነው?»

«ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ሬድዋን ነው።»

«ሬድዋንን አልጠየቅሁህም። ቁጥሩ የት አለ?»

«ከሬድዋን ጀርባ።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለ አቡ ናስር። «ከበሩ ጎን ያለውን ቦታ እስከ ረመዳን ባዶ አቆየዋለሁ። ካገኘህ ጥራኝ።» ቴምር አንድ ፍሬ አንሥቶ ወረደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠቅላይ ባለአደራው ለማኝ ሆነ። ሱወይዲ ገበያ ዞረ፣ የሰናኢያ ሠራተኞች ማደሪያ አንኳኳ። ያ ፎቶ የሌለው ሐበሻ የለም! ሁሉም በደስታ ስልኩን ይከፍትለታል፣ የሁሉም ጭንቅላት ግን ታፔላው ላይ ነው። ረጅሙ ቁጥሩን ሸፍኗል፣ አጭሩ ኸርጅን። በቡድን የተነሡት ሪያድን ጨምረው ውጠውታል። ሱወይዲ ልብስ የምትሸጠው ጽዮን ብቻ ወደ ዳር ቆማ ነበር፤ ሙሀባው ልቡ ዘለለ፤ ቀርቦ ሲያይ ግን በፊደሉ ላይ ሁሉ፣ በሚያብረቀርቅ ቀይ ጽሑፍ፣ «ክብር ለመድኃኔዓለም ደረስኩ» ብላበታለች።

«ጽሑፉ የሌለበት የለሽም እህቴ?»

«ጽሑፍ የሌለበትን ምን ያደርጉታል?»

አንዱማ ታፔላውን በሙሉ ቆርጦ አውጥቶ ፊቱን ብቻ አጉልቶ ላከለት። ሥሩ፣ «እንካ ወንድሜ፣ እንዲያምርልህ ብዬ ነው» ይላል። ሙሀባው ስልኩን ሊወረውር ብድግ ብሎ፣ ሌሎቹ ታፔላዎች ያሉት እዚያ ውስጥ መሆኑ ትዝ ሲለው ተቀመጠ። ሰዒዳ አሁን ስትመጣ ወደ ጣሪያው አትወጣም። የታጠበው ቆርቆሮ ከታንከሩ ጋር እንደተደገፈ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት የጎረቤቱን መስኮት ያጥበረብራል፣ ጎረቤትም ይሳደባል።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በዚያ መንገድ የገባችሁ ወገኖች፣ ስልካችሁን ክፈቱ። አትካዱ፣ አላችሁ። መልካችሁን የተጠራጠረ የለም፤ እናቶቻችሁም መድረሳችሁን አምነዋል። የሚፈለገው ያማረባችሁ አይደለም። አንዳችሁ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል፣ ወይም አስነጥሶት ራሱን ሲደፋ፣ ሳይታሰብ የተነሣ፣ «ይሄ ተበላሽቷል» ተብሎ ሳይጠፋ የተረሳ አንድ ፎቶ ይኖራል። ረመዳን ሳይገባ እሱን ፈልጉ። ስታገኙትም እባካችሁ ሳትቆርጡ፣ ሳትጽፉበት፣ ሳታሳምሩት፣ እንዳለ ለሙሀባው ላኩለት።