የአስናቀ ግራ ዓይን

ባለፈው እሑድ ጀሪፍ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ጦርነቱ ጥላሸት ያለበሰውን የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል እያጸዳሁ ሳለ፣ እዚሁ ካርቱም የተወለደችው ልጄ ከኋላዬ ቆማ «ባባ፣ ይሄ ሸይጣን ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው?» አለችኝ። አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ደግሞ በጎን ባንድ ዓይኑ እንደሚስሉ ነገርኳት። የቀረውን አልነገርኳትም።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የተማርኩትን ሙያ ይዤ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር መጣሁና የፀጉር ቤት ግድግዳ ሠዓሊ ሆኜ አረፍኩት። ፀጉራቸው የተከረከመ ጎረምሶችን ቀኑን ሙሉ በጎን እስላለሁ። አብሮኝ የሚኖረው አስናቀ ብየዳ ቤት ይሠራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል ካንድ ሳህን እንበላለን፤ ሽንኩርቱን ወደ እኔ ይገፋልኛል። በኸሪፍ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ባደረገው ሰሞን፣ የብረት ፍንጣሪ ግራ ዓይኑን አጠፋው። ቁስሉ ሲድን ቦታው ተጨማዶ ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ያስጠላኝ ነበር።

ወደ ሊቢያ ለመሄድ ሲቆርጥ፣ ጎጃም ላሉት እናቱ መልኩን እንድስልለት ለመነኝ።

«ዓይኔን ግን እናቴ እንዳታይ፤ ዋላሂ ትሞትብኛለች» አለኝ።

«ኻላስ፣ ለእኔ ተወው» አልኩት።

በጤነኛው ጎኑ ሳልኩት። አማረ። በመተማ በኩል በሚገባ ሰው ላክነው። እኚያ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ መሆኑን፣ እኔ ተማሪው፣ እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ከወር በኋላ አስናቀ እናቱ ጋ ደውሎ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«ልጄን ማን ከይሁዳ ጋር ቆጠረብኝ እያለች ታለቅሳለች። ከግድግዳ አውርዳዋለች።»

«ለአንተ ብዬ እኮ ነው፤ ቁስሉን ልደብቅልህ...»

«ለእኔ? ይኸው ስንት ወር፣ ሳወራህ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለህ!»

በሦስተኛው ቀን ሳይሰናበተኝ ሄደ። በረሃው ይሁን ባሕሩ የወሰደው የሚያውቅ የለም።

ዓመት ካለፈ በኋላ እናቱ ቁጥሬን አፈላልገው ደወሉልኝ። ከመሄዱ በፊት ስለ ዓይኑ ነግሯቸው ኖሯል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ እንደሆነው አድርገህ ሳልልኝ» አሉኝ። «ከነጠባሳው። እኔን አያስጠላኝም።»

«እሺ እማማ» አልኩ።

የጥንቶቹ ሠዓሊዎች የሚያስፈራቸውን ነገር ትክ ብለው ያዩት ነበር መሰለኝ፤ የጋኔኑን ጥርስና ጥፍር አንድ ባንድ ነው የሳሉት። እኔ ግን ስንት ሸራ ጀምሬ ተውኩ። እማማም ሳያዩት አረፉ። የአስናቀን ቀኝ ፊት እስከ ሽፋሽፍቱ ድረስ አሁንም በቃሌ እስለዋለሁ። ግራውን ግን አላውቀውም፤ ከቆሰለ በኋላ ስንት ወር አብሬው ስኖር አንድም ቀን ትክ ብዬ አላየሁለትም።