ጎማ ያለው የእናት ቤት

ዘኪያ የሸራውን ጠርዝ በአውራ ጣቶቿ እያጠፈች ወደ መርፌው ትገፋዋለች። የጭነት መኪና ሸራ ስለሆነ ወፍራም ነው። ቀሚስና ሱሪ የለመደችው የስፌት መኪና ታቃስታለች፤ ክሩ ይበጠሳል፤ ዘኪያ ጫፉን በከንፈሯ አርሳ እንደገና ታስገባዋለች። ሞጣ ገበያ ዳር ባለችው ሱቋ ፊት የሚያልፍ ሰው ሁሉ፣ «ዛሬ ደግሞ ለዝሆን ነው ቀሚስ የምትሰፊው?» ይላታል።

«ለቤቴ ነው» ትላለች ቀና ሳትል። «የጓዳ መጋረጃ።»

ቤቱ ግን ሞጣ አልነበረም። ቢቸና ነበር፤ አምላኩ በሚባል በያጅ ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ጎማ ላይ ቆሞ ቀለም ይቀባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘኪያና የባሏ የአብዱራዛቅ ልጅ ሪሃብ ነርስ ናት። የተመደበችው ከጎንደር ወዲያ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። እዚያው ከሚያስተምር አብዱልሐኪም ከሚባል ጨዋ ልጅ ጋር ተጋብታ የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። በእኛ አገር ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ቀኗ ሲቃረብ ትመጣለች፣ ትወልዳለች፣ በገንፎና በቅቤ ትታረሳለች፣ ከዚያ ልጇን ታቅፋ ወደ ባሏ ትመለሳለች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ዘኪያ ከሪሃብ ሠርግ ጀምሮ የምታስበው ያንን ጊዜ ነበር፤ የምታስተኛበትን አልጋ ሳይቀር አስጠግና ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ሪሃብ ደወለች። ደም ግፊቷ ከፍ በማለቱ ሐኪሙ ረጅም መንገድ እንዳትሄድ ከልክሏታል።

«እንግዲያ እኔ እመጣለኋ!» አለች ዘኪያ።

«እማ፣ ቤታችን እኮ አንድ ክፍል ናት። አልጋው ከገባ በሩ በግማሽ ነው የሚከፈተው። የት ላስተኛሽ? የሚጠይቀኝ ሰውስ የት ይቀመጣል?»

ዘኪያ ስልኩን ዘግታ ከጓዳ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ጓዳ ትመላለስ ጀመር። ድሮም ቁጭ ማለት አይሆንላትም። የተጠረገውን ትጠርጋለች፣ የታጠፈውን ፈታ ታጥፋለች። አብዱራዛቅ ዕድሜውን በሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አሁን አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ቀርታዋለች። ሚስቱን በዓይኑ ሲከተል ቆይቶ ደከመውና፣

«ታዲያ ምን ይሁን? ቤቱን ጎትቼ ልውሰድልሽ?» አላት፤ ሊያሾፍባት።

ዘኪያ ቆመች። «ለምን አትጎትተውም?» አለችው።

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እሷ ራሷ ሪሃብን የወለደችው ሁመራ ነው። አብዱራዛቅ ሰሊጥ ይጭን በነበረበት ጊዜ ተከራይተው በያዟት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ወለደች። ጎረቤቷ ነኝና የጋራ አጥራችንን ተደግፋ እንዳጫወተችኝ፣ ባሏ መንገድ ላይ ነበር፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል፣ ውኃ የምታቀብል አንዲት የማታውቃት ሴት ብቻ ነበረች። እናቷ ከሞጣ ተነስተው፣ መንገድ ተዘግቶባቸው፣ በየዘመዱ ቤት አድረው ሲደርሱ ሪሃብ ጥርስ አብቅላ ነበር። ገንፎውንም፣ ቅቤውንም፣ አይዞሽ የሚለውንም ቃል ያጣች አራስ ምን እንደምትሆን ዘኪያ ታውቀዋለች። ሪሃብ እንደዚያ እንድትተኛ አትፈልግም፤ ሌላ ምንም አትፈልግም።

አምላኩ ቤቱን የሠራው ከአሮጌ የጭነት መኪና ሳጥን ነው። ቆርቆሮውን አቃንቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ከመሐሉ ስር ሁለት ጎማ አድርጎ፣ ከፊቱ የመጎተቻ መንጠቆ በየደለት። ዘኪያ ውስጡን ለማስተካከል ቢቸና ድረስ ትመላለስ ነበር።

«ጓዳው በስተኋላ ይሁን» አለችው። «ከፊት እልፍኙ። ሰው ሲገባ የሚያየው መደቡንና ምንጣፉን ነው።»

«እትዬ ዘኪያ፣ መንገድ ላይ ማን ሊገባብዎት ነው?» አለ አምላኩ የመበየጃ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እያነሳ።

«ቤት ቤት ነው። ጓዳ ከፊት የሚሠራ ማን አለ?»

አምላኩ ወደ አብዱራዛቅ ዞረ። «ጋሼ፣ አንድ ጥሩ ነገር አለው። ከእንግዲህ እትዬ ተቆጥተው ከቤት ቢያስወጡዎት መሪው በእርስዎ እጅ ነው።»

«ፍሬኑ ግን በእሷ እጅ ነው» አለ አብዱራዛቅ።

ቤቱን ከቢቸና ጎትተው ሞጣ ሲያስገቡት ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየው። ሰማያዊ ነበር፤ በሩ ላይ አምላኩ ነጭ አበባ ስሎበታል። ዘኪያ ጓዳውን ሞላችው፦ የገብስ ዱቄት፣ ጤፍ፣ በርሜል ሙሉ የሞጣ ውኃ (ሪሃብ ያለችበት አገር ውኃ ለአራስ ይከብዳል ብላ)፣ በጀሪካን የተነጠረ ቅቤ፣ ማር፣ ድስት፣ ምድጃ፣ በመጨረሻም ልጁ ስም ሲወጣለት የሚታረድ አንድ ሙክት በግ፣ ከኋላው ግድግዳ ጋር ታስሮ። እልፍኙ ውስጥ ምንጣፍና ሁለት ትራስ ብቻ አስቀመጠች። ለእንግዳ ሰፊ ቦታ ይኑር ብላ ነው።

በጥር ወር፣ በ2011 ዓ.ም.፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ዘኪያ ፒክአፗ ውስጥ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ያላለቀውን መጋረጃ በእጇ ትዘመዝማለች። አዴት ሳይደርሱ ሰፍታ ጨርሳ ነበር፤ አልጣማትም፤ ፈታችውና እንደገና ጀመረች።

«ቁም እስቲ፣ በጉን ልየው።»

«አሁን አየሽው እኮ።»

«አሁን ሌላ ነው።»

ቆመ። በጉን አየች፣ የጀሪካኑን ክዳን ነካች፣ ተመለሰች። ባሕር ዳርን አልፈው የፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርሱ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ቤቱ ከኋላቸው ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር፤ ዝንብ እንዳስቸገራት ላም ጭራ። አብዱራዛቅ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፤ ቤቱም ረጋ። ፈጠን ሲል እንደገና ይወዛወዛል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«የሐይቁ ነፋስ ነው።»

ከሐይቁ ርቀው ጎንደርን ካለፉ በኋላም ነፋሱ አልለቀቃቸውም። አብዱራዛቅ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ጀማሪ እየተንቀረፈፈ ነዳ። ዘኪያ ስልኳን ታያለች፣ ለሪሃብ ትደውላለች፣ ሪሃብም «ደህና ነኝ» ትላታለች፣ ዘኪያ ስልኩን ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሳለች። ደባርቅ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ከከተማው ሲወጡ ሰውና ቤት ቀረ። በመንገዱ ዳር ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ቁጭ ብለዋል፤ አንዱ ሽማግሌ ጭላዳ ጎፈሩን ነፋስ እያነሳበት ሰማያዊውን ቤት እስኪያልፍ ድረስ ተመለከተው። ከዚያ ምድሩ ተቆርጦ ወረደ። ከታች ጫፋቸው የሾለ ተራሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረዋል፤ መንገዱ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

«ሪሃብ እዚያ ታች ናት?» አለች ዘኪያ።

«ከዚያም ወዲያ።»

የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፉ። ሁለተኛው ላይ ቤቱ ወደ ገደሉ ወገን ተወረወረና የፒክአፗን ኋላ ይዞት ሄደ፤ የፊት ጎማዎቹም ለመታጠፍ እንቢ አሉ። ዘኪያ የጮኸችውን አታስታውሰውም። አብዱራዛቅ በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ አስገብቶ አቆመ። ወርደው ከየጎማው ስር ድንጋይ አደረጉ።

ከቤቱ ስር ተንበርክኮ አየ፣ ተነሳ፣ መንጠቆውን ነካ፣ ከዚያ በሩን ከፍቶ ቆመ። ከኋላ በርሜሉ፣ ጆንያዎቹ፣ ምድጃውና በጉ። ከፊት ምንጣፉና ሁለቱ ትራሶች።

«አይ አንቺ ሴት» አለ። «ቤቱ በቂጡ ተቀምጧል።»

«ምን አጠፋሁ?»

«አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እኔም አላየሁትም። ድሮ የምጎትታቸው ከፊትም ከኋላም ጎማ ነበራቸው፤ የትም ብትጭኚ ግድ የላቸውም። ይኼ ግን መሐሉ ላይ ብቻ ነው የቆመው። እንደ ሚዛን በይው። ኋላው ሲከብድ መኪናዬን ወደ ላይ እያነሳ ያወዛውዛታል። ጓዳው ወደ ፊት ይምጣ።»

«ከፊት? በሩ ላይ? ሰው ገና ሲገባ ዱቄትና በግ ይይ?»

«ገደል ከገባን ማን ነው የሚመጣልሽ እንግዳ?»

«እንግዳውስ የት ይቀመጣል?»

«ከበጉ ጋር!»

ተኮራርፈው ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። በርሜሉን አብረው ሲያንከባልሉ እንኳ አልተያዩም። ዘኪያ አንድ ጆንያ ታመጣና ከፊት ለማስቀመጥ ልቧ ስለማይፈቅድ መሐል ላይ ትተወዋለች፤ እሱ አንስቶ ወደ ፊት ይወስደዋል። ከመታጠፊያው በላይ የመንገድ ጥገና ካምፕ ነበር። ዘበኛው፣ ይታገስ የሚባል ቀጭን ሰውዬ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከላይ ሆኖ ያያቸዋል።

«ቤት እየለቀቃችሁ ነው እየገባችሁ?» ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ የዘኪያ ስልክ ጠራ። አብዱልሐኪም ነበር። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ሪሃብ ምጥ እንደያዛት፣ ደም ግፊቷም እንደጨመረ፣ ጤና ጣቢያ እንዳደረሳት ተናገረ። «እርስዎን እየጠራች ነው። እማ የት ደረሰች ትላለች» አለ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

ዘኪያ የያዘችውን የድስት ክዳን መሬት ላይ አኖረችው።

«ፍታው» አለች።

«ምኑን?»

«ቤቱን።»

አብዱራዛቅ ቤቱን አየ፣ እሷን አየ። ግማሹ ዕቃ ሜዳ ላይ ነው። «እስክንጭን ጥቂት ታገሺ፤ ቀስ ብለን…»

«በዚህ እየተንፏቀቅን ልንደርስላት ነው? እናቴም ቀስ ብላ ነበር የመጣችው። ፍታው አልኩህ!»

ፈታው። ይታገስ ሁለት ሠራተኞች ጠርቶ ወረደ፤ ፒክአፗ በገመድ እየሳበች እነሱም እየገፉ ቤቱን ወደ ካምፑ ግቢ አወጡት። ዘኪያ ዱቄቱን፣ ቅቤውንና ማሩን ፒክአፗ ላይ ጫነች፤ በጉም ተጫነ። የቀረውን እንዳለ ወደ ውስጥ ወርውራ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ለይታገስ ሰጠችው።

«ገንዘብም ከብትም አደራ ተሰጥቶኝ ያውቃል» አለ ይታገስ። «ቤት ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

«ነገ ተመልሰን እንወስደዋለን።»

«ኪራይ አልጠይቃችሁም። በሰላም ድረሱ።»

ሊማሊሞን ወረዱ። ቤቱ ሲቀር ፒክአፗ እንደ ፍየል ቀለለች። ብርዱ ቀርቶ ሙቀት መጣ፤ ዛሪማ ወንዝ ላይ ደግሞ አቧራው አፍ ውስጥ ይገባል። መጋረጃው ጭኗ ላይ ነበር፤ አልሰፋችውም፤ ታጣጥፈዋለች፣ ትፈታዋለች፣ ታጣጥፈዋለች። «ንዳው» ትላለች። «እየነዳሁ ነው» ይላል። ስልኩ ኔትወርክ የለውም።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። አብዱልሐኪም በሩ ላይ ተንጎራዶ ተንጎራዶ ጫማው አቧራ ሆኗል። ዘኪያ ማንንም ሰላም ሳትል ገባች። ሪሃብ አልጋው ላይ ናት፤ ፊቷ አብጧል፣ ክንዷ ላይ መድኃኒት ይንጠባጠባል። እናቷን ስታይ አለቀሰች። ዘኪያ እጇን ያዘችላት፣ ግንባሯን አበሰችላት፣ አይዞሽ አለቻት፤ እስኪያበቃ ድረስም ሌላ ቃል አልወጣትም።

ሴት ልጅ ተወለደች። ሁለቱም ተረፉ። የሪሃብ ግፊት ወረደ ሲባል ዘኪያ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እማ» አለች ሪሃብ በደከመ ድምፅ። «ቤቱስ?»

«ተራራ ላይ ነው።»

«ሰው እንዴት ቤቱን ተራራ ላይ ይረሳል?»

«በጉን ግን ይዤዋለሁ።»

ሪሃብ ሳቀች፤ አመማትና፣ «እባክሽ አታስቂኝ» አለች።

ወደ ሪሃብ ባለ አንድ ክፍል ቤት ከተመለሱ በኋላ አብዱልሐኪም አንድ መምህር ባልደረባው ጋር እያደረ ዘኪያ ከአልጋው ሥር መሬት ላይ ተኛች። አብዱራዛቅ ፒክአፗ ውስጥ ያድራል። ገንፎው በሩ ላይ ይገነፋል። ነርሶቹ፣ መምህራኑና የግቢው ሴቶች «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» እያሉ መጡ፤ አንዷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ አንዷ ጀሪካን ላይ፣ ሌላዋ ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ የዱቄቱ ጆንያም መቀመጫ ሆነ። ዘኪያ በመጀመሪያ አፈረች። «እልፍኝ ነበረኝ፣ ምንጣፍም ነበረኝ፣ ተራራ ላይ ቀርቶ ነው» እያለች ለእያንዳንዷ ትናገራለች። እነሱ ይስቃሉ፣ ጠጋ ጠጋ ይላሉ፣ ሌላ ሰው ይገባል።

አብዱራዛቅ ከዘኪያ ጋር ሄዶ ቤቱን ሊያመጣ ማለዳ ማለዳ ሞተሩን ያስነሳል። ቤቱን ብቻውን ሊያመጣው አይችልም፤ እሱ መኪናዋን ወደ ኋላ ሲያስጠጋ የማያያዣውን ብረት መንጠቆው ውስጥ የሚከት ሰው ያስፈልጋል። ይታገስን ለምነህ አሠራው ስትለው፣ «ጓዳሽንስ ማን ያስተካክለዋል? ሌላ ሰው ቢነካው መልሰሽ ልትፈቺው!» ይላታል። እውነቱን ነው።

እንደዚያ በሆነ በአንዱ ማለዳ ጥሩንባውን ነፋ።

«መጣሁ!» አለች ዘኪያ። ሻርፗን ጠመጠመች። ገንፎውን ከድና አስቀመጠች፣ ውኃውን አቀረበች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ሙቀት ይሆናል ብላ መልሳ ከፈተችው። ሪሃብ ተኝታለች። ዘኪያ ደፉ ላይ ቆማ አንድ እግሯን ጫማው ውስጥ ከተተች። ሕፃኗ ተነጫነጨች። ዘኪያ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጠበቀች፤ ዝም ያለች መሰላት፤ ሁለተኛውን ጫማ በእግሯ ጣት ሳበችው። ሕፃኗ እንደገና አለቀሰች፤ ሪሃብ በእንቅልፍ ልቧ እጇን ዘርግታ አልጋውን ዳሰሰች፣ አላገኘቻትም።

«ቶሎ በያ! ፀሐዩ ወጣ!» አለ አብዱራዛቅ ከውጭ።

ዘኪያ ባንድ እግሯ ጫማ ተመልሳ ገባች፤ ሕፃኗን አነሳቻት፤ በመስኮቱም ራሷን ብቅ አድርጋ፣

«ነገ» አለችው።

አብዱራዛቅ ሞተሩን አጠፋ።