ዋስ የሆኑልኝ ሰው

የተያዝኩት ሸዋ ሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ለበረራዬ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኝ ነበር። ጀርመን አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ እንደተቀበለኝ የሚገልጸውን ደብዳቤ ሦስት ኮፒ እያስነሳሁ ሳለ ሁለት ሰዎች ገቡ፤ አንደኛው ስሜን ጠራ። "አቤት" አልኩ። ዝም ብል ኖሮ የሚተዉኝ ይመስል፣ ያቺን "አቤት" ብዙ ቀን ረገምኳት። ፓስፖርቴ ቪዛ ሊመታበት አዲስ አበባ ኤምባሲ ስለነበር እጃቸው አልገባም።

ጥፋቴ ካርታ ነበር። የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ለጥናቴ ማሾ ከሚዘራባቸው ማሳዎች አፈር ስሰበስብ፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ ያሉትን ማሳዎች በስልኬ ነጥብ በነጥብ ምልክት አድርጌ ጀርመን ላለው ፕሮፌሰር በኢሜይል ልኬ ነበር። በሰላሙ ጊዜ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በዚያ ሰሞን ግን መንገዱ አንድ ቀን ከተከፈተ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ ተኩስ ሳይሰማ ያለፈ ሳምንት አላስታውስም። መርማሪው ካርታውን ስልኬ ላይ በሁለት ጣቱ እየለጠጠ "ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?" አለኝ።

"ማሾ።"

"ይቺስ?"

"እሷም ማሾ ናት።"

አላመነኝም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን የማምን አይመስለኝም።

ያስገቡኝ ክፍል የሽንኩርት መጋዘን የነበረ ነው። ሽንኩርቱ ወጥቶ ሽታው ቀርቷል። መስኮት የለውም፤ ከግድግዳው ጫፍ ለአየር የተተወ የብሎኬት ቀዳዳ ብቻ አለ። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር ይንጣጣል፤ ከዚያ እስከ ማታ ድረስ ማንም ከማንም ጋር መነካካት አይፈልግም። ስድስት ሴቶች ነበሩ፣ ሰባተኛ ሆንኩ። አዲስ የገባች ሴት ቦታዋ የምንሸናበት ባልዲ አጠገብ ነው፤ አንዷ ስትፈታ ወደ በሩ አንድ ሰው ያህል ትጠጋለች። የምሄድበትን አገር ትምህርት ቤት ሳላየው፣ እዚያ ውስጥ ስለ ቦታና ስለ ተራ ብዙ ተማርኩ።

በሩ አጠገብ ያለውን የተሻለ ቦታ የያዙት ከካራቆሬ ወጣ ካለ ገጠር የመጡ፣ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሙስሊም እናት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በአንድ ግቢ እየኖሩ ማሾና ማሽላ ያርሳሉ። የታሰሩት ለታጣቂዎች ውሃ ሰጥተዋል ተብለው ነው። በእሳቸው አገር ደጅ ላይ ቆሞ ውሃ የጠየቀን ሰው ማን ነህ ማለት ነውር ነው።

"ወላሂ፣ ውሃ ላለኝ ሰው መታወቂያ ልጠይቅ ነው እንዴ?" ይላሉ።

የእኔን ጉዳይ ስነግራቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነበር የከነከናቸው።

"የማሾ ትምህርት ጀርመን ድረስ? እነሱ ማሾ ያበቅላሉ?"

"አያበቅሉም እትዬ።"

"ታዲያ ምኑን ነው የሚያስተምሩሽ?"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በገባሁ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ጉዳዬ እስኪጣራ በዋስ እንደምወጣ ነገረኝ። መሬት ያለው ሰው የመሬት ደብተሩን ይዞ መጥቶ ይፈርማል። እኔ ሰኞ ሰኞ እየቀረብኩ እፈርማለሁ፤ ከወረዳው አልወጣም። "ከጠፋሽ እሱ በቦታሽ ይገባል" አለኝ። ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነበር ያለኝ።

አባቴ ሞቷል፤ እናቴ የምትኖረው በኪራይ ቤት ነው። አጎቴ አመመኝ ብሎ ላከ። የሥራ ባልደረቦቼ ምግብ ልከውልኛል፤ ዋስ ሲባል ግን አንዳቸውም ብቅ አላሉም። አልተቀየምኳቸውም። በረራዬ የፊታችን ሐሙስ ነበር፤ ያን ቀን ካልሄድኩ ቦታው ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።

በዚያው ቀን ለእትዬም ዋስ ተፈቅዶላቸው ነበር። ወንድማቸው ደብተሩን ይዘው ከካራቆሬ እየመጡ ነው። መርማሪው ግን አስቀድሞ ተናግሯል፦ አንድ ዋስ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

እትዬ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ቆዩና "ሐሙስ ነው ያልሽው?" አሉኝ።

"ሐሙስ ነው።"

"ወንድሜ ላንቺ ይሁንልሽ።"

መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። "እትዬ፣ እኔ ከወጣሁ እሄዳለሁ እኮ። የመጀመሪያዋን ሰኞ ብፈርም ሁለተኛዋን አልፈርምም።"

"አውቃለሁ።"

"እሳቸውን ያስሯቸዋል።"

"ቢበዛ ሳምንት ቢያስቀምጡት ነው። እሱ ምን አደረገ? ሽማግሌ ልከን እናስወጣዋለን። አንቺ ግን ሐሙስ ካለፈሽ አለፈሽ።"

"እንግዲያው እንንገራቸው።"

"አትንገሪው። ካወቀ እሺ አይልም። ቃል ከሰጠ የማይመለስ ሰው ስለሆነ ቃል መስጠት ይፈራል።"

ሁሉም ሴቶች እየሰሙ ነበር። አንዷ፣ ባሏ ባጃጅ የሚነዳ፣ "ኧረ እትዬ፣ ግፍ ነው" አለች። እትዬ ዞረው ሳያዩዋት "ግፉ የኔ ነው፤ አንቺ ዝም በይ" አሏት።

እኔ ጀግና አይደለሁም። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሳምንት ነው የሚለውን ማመን ፈለግሁና አመንኩት። እትዬ ግን የእኔን መልስ የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር፤ "ነይ እዚህ ቁጭ በይ" ብለው ጉልበታቸው መሃል አስቀመጡኝና ፀጉሬን ፈቱት። ቅባት የለ፣ ማበጠሪያ የለ፤ በጣታቸው እየለዩ ሹሩባ ሠሩኝ። "እስከ አዲስ አበባ ኬላው ብዙ ነው። ከእስር ቤት የወጣች አትምሰይ" አሉኝ። እጃቸው ሻካራ ነበር፤ ራስ ቅሌን ያመኝ ነበር፤ እንዲጨርሱ አልፈለግሁም።

ወንድማቸው ሽርጥ ያሸረጡ፣ ቀጭንና አጭር ሰው ናቸው። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውታል። እህትና ወንድም በሽቦው አጥር ግራና ቀኝ ቆመው ተከራከሩ።

"እታለም፣ እኔ ላንቺ ነው የመጣሁት!"

"እኔ ምን ያስቸኩለኛል? ማሾው ተለቅሟል። ይቺ ልጅ እናቷ በጠና ታማለች።"

እናቴ አልታመመችም ነበር። ሰውየው ፌስታሉን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እኔ አንቺን አላውቅሽም። እህቴ ካለች ግን አለች ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ከዚህ ጠፍተሽ መሄጃ አለሽ ወይ?"

"የለኝም ጋሼ።"

"ሰኞ ሰኞ ትፈርሚያለሽ?"

"እፈርማለሁ።"

ቢሮ ገብተው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አተሙ። ሲወጡ ጣታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ለእህታቸው ካመጡት ማንጎ ሁለቱን አውጥተው "ለእናትሽ" ብለው ሰጡኝ። ተቀበልኳቸው። ያን ማንጎ መቀበሌ ከውሸቱ እኩል ያሳፍረኛል።

የመጀመሪያዋን ሰኞ ፈረምኩ። ማክሰኞ በሚኒባስ ወጣሁ። ኬላው ላይ ወታደሩ መታወቂያዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እለፉ አለ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ብርዱ ሲመታኝ ተሳፋሪው መስኮት ዝጉ እያለ ይጨቃጨቃል፤ እኔ ደስ አለኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ጀርመን በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ደወለች። "ሰውየውን አስገቧቸው" አለችኝ። የዚያን ዕለት የተማሪዎች መኖሪያ ቢሮ የክፍል ውል ልፈርም ቀጠሮ ነበረኝ። ሠራተኛዋ ፈገግ እያለች "ዋስ አለሽ?" አለችኝ። የለኝም አልኳት። "ችግር የለም፣ ዩኒቨርሲቲው ይሆንሻል" ብላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። ብዕሩን ይዤ ስቀር ቋንቋው ያልገባኝ መሰላትና ቀስ ብላ ደገመችልኝ።

አንድ ሳምንት የተባለው ወር ሆነ። ሽማግሌም ተላከ፣ አልሆነም። ዋስ ሊሆኗቸው የሚችሉት ወንድማቸው እስር ቤት ስለገቡ እትዬንም የሚያስወጣ ጠፋ። እናቴ በየሳምንቱ ካራቆሬ ገበያ የሚወርዱ ሰዎችን ትጠይቅልኛለች፤ መልሱ ሁልጊዜ "እዚያው ናቸው" ነው።

እኔ ደግሞ እዚህ መልመድ የሚገባኝን እየለመድኩ ነበር። ቆሻሻ በየቀለሙ መለየት፣ ለቀጠሮ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መድረስ፣ ሽማግሌውን ፕሮፌሰር አንተ ብሎ በስሙ መጥራት። የጋራ ወጥ ቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣው ላይ የእኔ ስም የተጻፈበት መደርደሪያ አለ። በሬን የምቆልፈው ራሴ ነኝ፤ ከውስጥ። ፕሮፌሰሩ አንድ ቀን ካርታዬን ለክፍሉ በትልቅ ስክሪን አሳየና ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ማሾ ነው አልኩ። ወዲያው አመነኝ፤ ተማሪዎቹም አጨበጨቡ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ክረምታቸው ሲገባ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። አንድ ትምህርት ወደቅሁ። ሐኪሟ የፀሐይ እጥረት ነው ብላ ፊት ለፊቴ የማበራው መብራት አዘዘችልኝ። በየጠዋቱ ሠላሳ ደቂቃ መብራቱ ፊት እቀመጣለሁ። ሌላ ምክንያት አለ ብዬ ልነግራት ብጀምር ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም፤ ዋስ ማለት እዚህ ወረቀት ነው። ዩኒቨርሲቲው ተክል በሚያበቅልበት የመስታወት ቤት ውስጥ በማሰሮ የዘራሁት ማሾ ግን በማሞቂያ እየታገዘ በቀለ፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶለታል።

በሰባተኛው ወር እስረኞችን ሲቀንሱ እህትና ወንድም በአንድ ቀን ተፈቱ። እናቴ ስትነግረኝ እልል ብላ ነበር። እኔ ለመደወል ድፍረት አጣሁ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ እሑድ ቀትር ላይ፣ በኢትዮጵያ ቁጥር ተደወለልኝ።

"ስልክሽን ከእናትሽ ነው የወሰድኩት" አሉ። ድምፃቸውን ወዲያው ለየሁት። "ጋሼ፣ በፈጠረዎ ይቅር..." ማለት ስጀምር አቋረጡኝ።

"ይቅርታውን ተይው። ልጠይቅሽ ነው። ከእህቴ ጋር የታሰሩት ሴቶች አንድ ወሬ አወሩ። እታለም መሄድሽን እያወቀች ነው ዋስ ሁናት ያለችኝ ይላሉ። እሷን ብጠይቃት ዝም አለች። ይኸው ከተፈታን አብረን አልበላንም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት እሳት ነው የሚነደው። እስሩን እችለዋለሁ። እህቴ አውቃ ከሸጠችኝ ግን አልችለውም። በአላህ ይሁንብሽ፣ ታውቅ ነበር?"

እትዬ ለምን ዝም እንዳሉ ገባኝ። አንድ ጊዜ ወንድማቸውን ዋሽተዋቸዋል፤ ሁለተኛ መዋሸት አልሆነላቸውም። እውነቱን መናገርም አልቻሉም።

"አያውቁም ነበር ጋሼ" አልኩ። "እናቴ ታማለች ብዬ እሳቸውንም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹ የሰሙት እኔ ለአንዷ በሹክሹክታ የነገርኳትን ነው። እሳቸው ተኝተው ነበር።"

"ታዲያ ስጠይቃት ምነው ዝም አለች?"

"አፍረው ነው። የማያውቋትን ልጅ አምነው እርስዎን ስላሳሰሩ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ የሰውየው ድምፅ እንባ ያዘለ ነበር። ከዚያ ረጋ ብለው፣ "አንቺን ግን አላህ የእጅሽን ይስጥሽ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ። ስልኩ ተዘግቷል።

ይህን የማንንም ስም ሳልጠራ የምጽፈው ያ ውሸት እንዳይገለጥ ነው። ለዚያ ሰው ሁለት ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ በመጀመሪያው ውሸት ዲግሪ አገኝበታለሁ፣ ሁለተኛው ምንም አልሰጠኝም። ቢሆንም በሰባትና ስምንት ወር ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ እሱን ብቻ ነው የማላፍርበት። ፀፀቴን ግን አላቀለለውም። ጠዋት ጠዋት አሁንም መነሳት ያቅተኛል።

ትናንት እናቴ ደውላ ነበር። ዝናቡ ጀምሯል። እህትና ወንድም ማሾ ሊዘሩ አብረው ማሳ እንደወረዱ፣ ምሳቸውንም ከአንድ ገበታ ሲበሉ እንዳየቻቸው አንዲት የካራቆሬ ሴት ነግራታለች። ቀጥላ፣ ልትነግረኝ ፈርታ ይመስለኛል፣ በዚያ ግቢ እኔን በስሜ የሚጠራኝ እንደሌለ፣ "ያቺ ከሐዲ" እንደሚሉኝ ነገረችኝ።

እትዬም ጭምር ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ተውኩት።