እትዬ ክኒናቸውን በሰው ፊት የዋጡ ዕለት

ዐረብ አገር፣ አል ዋዓብ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከኩሽናው ጀርባ ነው። ማሽኑ እስኪጨርስ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ፀጉሬን መንቀል የጀመርኩት እዚያ ነው። አንዷን ፀጉር በጣቴ እጠቀልላታለሁ፤ ስስባት ትንሽ ያመኛል፤ ወዲያው ደረቴ ቀለል ይለኛል። ከዚያ ሌላዋን። ማሽኑ ሲጮህ ደንግጬ እነሳና ወለሉ ላይ የወደቀውን እጠርጋለሁ።

ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልል፣ ከብዙዎቹ ቤት የኔ ይሻላል። ማዳም ትቆጣለች እንጂ ክፉ አይደለችም። ባባ የምንለው ባሏ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ልጆቹ ይወዱኛል። ስለዚህ ምክንያት አጣሁለት። በሰፈራችን ከዐረብ አገር ጭንቅላቷ ተነክቶ ተመለሰች የሚሏት ልጅ ነበረች። ሰው በአጥራቸው በኩል ሲያልፍ ድምፁን ይቀንስ ነበር። ታናሽ እህቷን እንኳ ሊያገባት የመጣ ሰው ነገሩን ሲሰማ ቀረ። እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ለማወቅ ግን ትምህርት አያስፈልግም። ማዳም ካወቀች አሳፍራ እንደምትመልሰኝ፣ ስመለስም እንደዚያች ልጅ እንደምሆን እርግጠኛ ነበርኩ።

መደበቁ አላስቸገረኝም። በሥራ ቤት ሻርፕ አስራለሁ፤ በዕረፍት ቀኔ በአርብ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጠላ እከናነባለሁ። የሚያስቸግረው ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም ወደ አርብ ቤት እንሄዳለን። የሰው ቤት የምናድር ሠራተኞች የዕረፍት ቀናችንን የምናሳልፍበት፣ ተባብረን የተከራየነው አንድ ክፍል ነው። እዚያ እንበላለን፣ ጋደም እንላለን፣ አገር ቤት እንደውላለን፤ እትዬ ደግሞ ሹሩባ ይሠራሉ።

እትዬ የምንላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡን ነው። እሳቸውም እንደኛ የሰው ቤት ወጥ ሠሪ ናቸው። ፍራሹ ላይ ይቀመጣሉ፤ ተራዋ የደረሰ ልጅ ወለሉ ላይ ሆና ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። እኔን በጠሩኝ ቁጥር ሰበብ አላጣም ነበር። አንድ ቀን ማዳም ቶሎ ነይ ብላኛለች፣ ሌላ ቀን ራሴን ገና አልታጠብኩም።

አንድ አርብ ሙቀቱ አድክሞኝ ግድግዳ ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ወርዷል። ሉሰይል ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳው ልጅ ፊቴ ቆማ አናቴን እያየች ነው። ይህች ልጅ አፏ አያርፍም፤ በሆቴሉ ውስጥ ማን ምን ጥሎ እንደሄደ የምትነግረንም እሷ ናት።

"አንቺ፣ ይሄን ምን በላው?" አለች።

"ላሽ ነው" አልኩ። ሌላ አልመጣልኝም።

"ታዲያ ምን ያስደብቅሻል? መድኃኒቱ እኮ ኩሽና ውስጥ ነው።"

ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ መጣች። ከዋሸሁ በኋላ እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ አናቴን እየፈገፈገች ስታሸኝ ዓይኔ እስኪያነባ ቻልኩት። በየቀኑ እሺው ስላለችኝና በአርብ ትመረምረኛለች ብዬ ስለፈራሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ራሴው አሸሁት። ማዳም ሽታው ከየት እንደመጣ ጠፍቷት ፍሪጁን ሁለቴ አስወለወለችኝ።

በሚቀጥለው አርብ እትዬ አጠገባቸው ያለውን ወለል በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። "ነይ ቁጭ በይ። ላሹ የት እንደደረሰ ልየው።"

ተቀመጥኩ። በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ዳሰሱኝ። ሌሎቹ ስልክ ላይ ናቸው፣ ወጥ የምታማስልም አለች። እትዬ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ "ላሽ ቆዳውን ልሙጥ ነው የሚያደርገው። ይሄ ይቆረቁራል፤ አንዱ አጥሯል፣ አንዱ ረዝሟል። የተነቀለ ነው" አሉኝ።

ፊት ለፊት ብንሆን ኖሮ ተነስቼ እወጣ ነበር። ፊቴ ግን ወደ ግድግዳው ነው፤ የሚያየኝ የለም። "እኔው ነኝ እትዬ። ለምን እንደሆነ አላውቅም" አልኩ ለግድግዳው።

እጃቸው አልቆመም። አልደነገጡም፣ ጉድ ነው አላሉም። "እሺ" አሉና ያለውን ፀጉር ከዳር እየሰበሰቡ ባዶውን ቦታ እንዲሸፍን አድርገው ጎነጎኑት።

ሲጨርሱ ቦርሳቸውን አመጡና የክኒን ማሸጊያ አወጡ። ውኃ እንድታቀብላቸው የሆቴሏን ልጅ ጠየቁ።

"ምን አመምዎት እትዬ?"

"የጭንቀት መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜዬ ነው፤ እስከ ዛሬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነበር የምውጠው። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አገሬ ላይ ታምሜ ተኝቻለሁ። የአእምሮ ሆስፒታል።"

ወጥ የምታማስለው ማንኪያዋን ይዛ ቆመች። ስልክ የያዙት ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። እትዬ ክኒኑን ምላሳቸው ላይ አድርገው በውኃ ዋጡት። የሆቴሏ ልጅ ባዶውን ብርጭቆ ተቀበለቻቸው።

"እሺ፣ ግን የሚያብዱ ከሆነ የኔን ሹሩባ ከጨረሱ በኋላ ይሁን" አለች።

"ያንቺንማ ግማሹን ሠርቼ ነው የማብደው። ግማሽ ራስሽን ይዘሽ ሆቴል ትገቢያለሽ።"

ሳቅን። ሁላችንም ግን አይደለንም። ተራዋን ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ሴት የፈታችውን ፀጉር መልሳ አሰረችና ሌላ ቀን እመጣለሁ አለች። ከዚያ በኋላ እትዬ ዘንድ አልተሠራችም። ሌሎችም ሌላ ሠሪ ፈለጉ፤ የታመመ ሰው እጅ ራሴ ላይ አይደርስም ያለችም እንዳለች ሰማን። እትዬ ያን ሲሰሙ፣ "ይሁን፣ ጣቴም ይረፍ" አሉ።

ኋላ ብቻችንን ስንሆን ምስጢራቸውን ለምን እንዳወጡት ጠየቅኳቸው።

"ብቻሽን መስሎሽ ነበር" አሉኝ። "እኔም አለሁ ብዬ በጆሮሽ ብነግርሽ፣ ያው የሚደበቅ ነገር ነው ማለቴ ነው።"

እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ሰላምታ ለመስጠት እንኳ ቃል የምመርጥ ሰው ነኝ። እሳቸው ለኔ ብለው፣ ያውም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እኔ የምሞትለትን ምስጢር በምሳ ሰዓት አውጥተው ተናገሩት።

ለዚህ ሕመም ሐኪም እንዳለ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። የጤና ካርድ ስላለኝ ጤና ጣቢያ መታየት እችላለሁ፤ ካርዱ ግን ማዳም ጋ ነው፤ የምትወስደኝም እሷ ናት። ስለዚህ ለማዳም መናገር ነበረብኝ። ለዚህም የሆቴሏ ልጅ ማዳም ሆና አለማመደችኝ። ፍራሹ ላይ እግሯን አነባብራ ጥቁር መነጽር አደረገች።

"ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ምንድነው? ልጆቹ በሉ?"

"አና ታዕባን" አልኩ። አሞኛል ማለቴ ነው።

"አልሰማሁም። እኔ እኮ ሀብታም ነኝ፤ ሀብታም በሹክሹክታ አይሰማም።"

እትዬ ሳቃቸውን እየያዙ፣ "ቀጥይ። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ በያት፤ የቀረውን ለሐኪሙ ትነግሪዋለሽ" አሉኝ።

ማዳም ፊት ስቆም ግን ሁሉም ጠፋኝ። ራሴን አመመኝ አልኳት። የራስ ምታት ክኒን ሰጠችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። ለእትዬ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። "አፍሽ እምቢ ካለ ያለ አፍሽ ንገሪያት" ብቻ አሉኝ።

ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ከሸኘን በኋላ ማዳም ደረጃው ሥር ቁልፏን ስትፈልግ አገኘኋት። ሻርፔን ፈታሁና ጎንበስ አልኩላት።

ቀና ስል ፊቷ ተለዋውጧል። "ማነው እንዲህ ያደረገሽ? ልጆቹ ናቸው?" አለች። ከዚያ ወደ በሩ ተመለከተች። "ሰው ቢያይሽ እኔ እንደምመታሽ ነው የሚያስበው።"

እሷም እንደምትፈራ ያኔ ገባኝ። "ላ ማዳም። አና" አልኩ፤ አይ፣ እኔው ነኝ ማለቴ ነው። በጣቴ እንዴት እንደማደርገው አሳየኋት። "አና ታዕባን። ሐኪም ቤት።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለምን እንደማደርገው ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። ተነስታ ካርዴን ልታመጣ ወደ ላይ ወጣች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐኪሟ በዐረብኛ ስትጠይቀኝ የኩሽና ዐረብኛዬ አልበቃኝም። የእትዬን ቁጥር ለማዳም ሰጠኋትና ደወለችላቸው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ድምፁ ተከፍቶ ተቀመጠ። ከእትዬ በኩል ዘይት ሲንጣጣ ይሰማል። የሐኪሟን ጥያቄ ለኔ፣ የኔን መልስ ለሐኪሟ፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ አመላለሱት። በመሃል፣ "ዶክተር፣ አንዴ፣ ሽንኩርቱ እንዳያርብኝ" አሉና ሐኪሟን አስጠበቋት። ሐኪሟ ሳቀች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት።

"እትዬ፣ አብጃለሁ ወይ ብለው ይጠይቁልኝ" አልኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን አሳምሮ ያቀርበው ነበር። እሳቸው እንዳለ ጠየቁልኝ። ሐኪሟ መልሷን ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ እኔ እያየች ተናገረች።

"አላበደችም በይልኝ ነው የምትለው" አሉ እትዬ። "የታወቀ ሕመም ነው፣ ስም አለው፣ ብዙ ሰው ስለሚደብቀው ነው እንጂ ብርቅ አይደለም። የሚያክመው ሐኪም ጋ ልጽፍላት ነው አለች። ሰማሽ? ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሐኪሟ ናት።"

መኪና ውስጥ ማዳም አገሬ መሄድ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። "ላ ማዳም" አልኩ። "ኸላስ" አለች፣ በቃ ማለቷ ነው፤ ቀጠሮዬ ከልጆቹ መውጫ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ለሾፌሩ መንገር እንዳለባት ጮክ ብላ እያሰበች ነበር። በዚያው አበቃ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር በሾፌር ፕሮግራም ማለቁን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

አሁን ክኒን እወስዳለሁ፤ የምታማክረኝ ሴት ደግሞ እጄን ምን እንደማስይዘው አስተምራኛለች። ፈጽሞ ተውኩት አልልም። ፀጉሬ ግን አጭር ሆኖ ሞልቷል።

ባለፈው አርብ እማዬ በቪዲዮ ደወለች። ራሴን አልተከናነብኩም ነበር። "ፀጉርሽን ምን ነካው?" አለችኝ። ላሽ ነው ብላት ታምነኛለች። አሞኝ እንደነበር፣ የጭንቀት ሕመም እንደሆነ፣ እየታከምኩ እንደሆነ ነገርኳት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ይሰሙኛል፤ ድምፄን ግን አልቀነስኩም።

እማዬ ፊቷን ከስልኩ ዞር አደረገች። ከዚያ ቀርባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለማንም አትናገሪ፤ እኔም አልናገርም" አለች።

"ብትናገሪም ግድ የለኝም እማዬ። ማዳምም ታውቃለች፤ አላባረረችኝም።"

"የአክስትሽ ልጅ ቤት ዘግታ ከተቀመጠች ቆየች" አለች እማዬ። "ከሰው አትገናኝም። አክስትሽ ለጠየቃት ሁሉ ጉዳይ ልኬያታለሁ ነው የምትለው። አንቺ ያልሽው ዓይነት ሐኪም እዚህም ይኖራል?"

እትዬን አየኋቸው። የያዙትን ጉንጉን ለሆቴሏ ልጅ አስያዙና የእጃቸውን ቅባት በፎጣ ጠርገው ስልኩን ተቀበሉኝ።

"ጤና ይስጥልኝ እናቴ" አሉ። "አዎ፣ አለ፤ እኔንም ያከመኝ እዚያው ነው። መጀመሪያ ስለ ልጅቷ ይንገሩኝ። ትበላለች? እንቅልፍስ ይወስዳታል?"